ሁለተኛዋ ካርታ

ሽምብጥ፣ ከብየዳ ቤቱ ጎን፣ ከዓሣ ተራው በላይ፣
ስድስት ስክሪን ይበራል አንዲት ጠባብ ቤት ላይ።
አምስት ልጅ ካምስት ልጅ ጋር
ይታኮሳል፣ በሌለ ከተማ ዳር።
ሦስት ካርታ ነው ጨዋታው፤ ሁለት የወሰደ ያልፋል።
እንየው ትኬቱን እያጠፈ ይመክረኛል፣ ይለፈልፋል፦
«ሙሉ ጨዋታ መያዝ የሞኝ ነው፣ የሰነፍ፤
አንዷን ካርታ ለይና በእሷ ብቻ ትረፍ።»

ለየሁ። ሁለተኛዋን።
በረዶ የወረደባት ወደብ ናት፣ የዛገ ክሬን ያላት።
ሌሊት ሌሊት አጠናኋት ከብርድ ልብሴ ስር፣
በየትኛው በርሜል ጀርባ አንድ ሰው እንደሚያድር።

አባቴ ጣናን እንዲህ ነው የሚያውቀው፣ ያለ ካርታ፦
እምቦጩ የቱን እንደዘጋ፣ ነፋሱ የት እንደሚረታ፣
ቀረሶ በየትኛው ጨረቃ ወደ ደንገሉ እንደሚጠጋ።
እኔ እሱን አልተማርኩም።
እግሬ ረግጦት የማያውቅ በረዶ ነው የተማርኩት።

ካርታ ስል ደግሞ፣ ሌላም ካርታ አለ እቤት፦
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከማዘጋጃው በረንዳ፣ «ነገ ና» እያሉት፣
ዘንዘልማ መውጫ ላይ ላለችን ሁለት መቶ ካሬ
ጋሽ ይርሳው ካርታ ሲጠብቅ ነበር፣ እስከ ዛሬ።
በዚህ ሳምንት ወጣለት። «ክፈልና ውሰድ» አሉት።
የጀልባውን ሞተር ሸጠ። ወደ ደንገል ታንኳው ተመለሰ፣
በስድሳ ሦስት ዓመቱ፣ በመቅዘፊያ።
ብሩን ለእኔ ሰጠኝ፦ «አንተ ታነባለህ፤
ስሜ እንዳይሳሳት አይተህ ትቀበላለህ።»

ዓርብ ማታ ነበር። ማዘጋጃው ሰኞ ነው የሚከፈት።
ብር ኪስ ውስጥ ሲያድር ይሰለቻል፣ እንደ ሥራ ፈት ወጣት።

ባንቺአየሁ፣ ካሸሯ፣ ቀና ብላ አየችኝ፣
«ሁሉንም?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችልኝ።
ማሽኑ ወረቀቷን ተፋ።

አንደኛዋን ካርታ የእኔዎቹ ወሰዱ። ቤቱ ጮኸ።
እኔ ዝም። የእኔ ገና አልጀመረችም።
ሁለተኛዋ ላይ እኩል ለእኩል ሆኑ፤ አንድ ዙር ቀረች።
ያ ልጅ፣ ስሙን አስተካክዬ መጥራት የማልችለው፣
እህል ውሃዬን ያሸከምኩት፣
ከክሬኑ ስር ተነሣ።
ቀስ በል አልኩት። በርሜሉን እይ አልኩት።
ከሽምብጥ ሆኜ፣ በአማርኛ።
ሳያይ ሮጠ።

ተበላ።
ተበላሁ።

ሦስተኛዋን ካርታ እንደገና እነሱ አሸነፉ፣
ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ፣ ተቃቀፉ።
ያ ልጅም ሳቀ፤ ጥርሱ ስክሪኑን ሞላው፤
የእኔን በር ረስቶታል፣ ትዝም አይለው።
አልጠላሁትም። ጨዋታው የእሱ ነው፤
የተሸነፈባትን አንዷን ካርታ ማንም አይጽፋትም።
እንየው ግን ዘሎ አቀፈኝ፣ ወረቀቱን እያውለበለበ፦
ሙሉውን ጨዋታ ነበር የያዘው።
የሞኙን። የሰነፉን።
በላ።

ሰኞ ማታ፣ አባቴ ታንኳውን ግንድ ላይ አቁሞ
ውሃው ሲንጠባጠብለት አገኘሁት።
አራት ቀረሶ፣ አንድ አምባዛ፣ በቀጭን ሲባጎ።
ከወዲያ ማዶ የደሴቱ መብራት አንዴ በራ፣ አንዴ ጠፋ።
«ካርታው ወጣ?» አለኝ።
«ወጣ» አልኩት።
ቃሉ ከአፌ እንዲሁ ሄደ፣ ሳይደናቀፍ።
ምንም ያልዋሸሁ ይመስል።

ፊቱ ሲፈታ አየሁ፣ ዐሥራ አንዱም ዓመት ሲራገፍ።
ጎንበስ አለ፣
እርጥብ እጁን በሱሪው ጠረገ፣
መዳፉን፣ ከዚያ አይበሉባውን፣ ከዚያ በጣቶቹ መሐል፣
የዓሣ ቅርፊት እንዳይቀርበት፣
ወረቀት እንዳያበላሽ፣
ከዚያ ዘረጋልኝ።